ለባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪና የትኛው የበረዶ ሰንሰለት ይሻላል?

በበረዷማ ተራራ መንገድ ላይ ባለቤቱን እንደ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል (ፎር ዊል) የሚያታልል መኪና የለም። በአንድ ዲፈረንሻል የሚነዳው ገና በመጀመሪያው ዳገት ጎማው በባዶ እየዞረ አቅሙን ይናገራል፤ ነጂውም ወርዶ በረዶውን እንዲነክስለት ጎማው ላይ የሚጠመጠመውን ሰንሰለት ያስራል ወይም ይመለሳል። ባለ ሁለት ዲፈረንሻሉ ግን ጭጭ ብሎ ይወጣል። ዳር ይዘው ሰንሰለት የሚያስሩትን እያለፈ፣ የነጂውን ልብ እያሳበጠ ጫፍ ያደርሳል። ሒሳቡ የሚወራረደው በመልስ ጉዞው ነው።

እኔን ያስተማረኝ በአውሮፓ የአልፕስ ተራሮች ያለ አንድ መንደር ነው። ማታ ስንወጣ በረዶው እንደ ባዘቶ ይወርዳል፤ መኪናው ግን አንዴም አልተንሸራተተም። ሰንሰለቱ ከነማሸጊያው ዕቃ መጫኛው ውስጥ ተቀምጧል። ጠዋት ስንወርድ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር አልበለጥኩም። መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ፍሬኑን ረገጥኩ፤ ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ተርገፈገፈ፣ ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ኤቢኤስ ግርርር አለ፣ መኪናው ግን ምንም እንዳልሰማ ወደፊት ቀጠለ። መሪውን አዞርኩ፤ ጎማው ዞረ፣ መኪናው አልዞረም። ያቆመን በመንገዱ ዳር ተጠርጎ የተከመረው በረዶ ነው። ፓራፋንጎው ተጨማደደ፣ እኛ ተረፍን። ከክምሩ ማዶ ገደል ነበር።

ከዚያ ወዲህ "መኪናዬ ፎር ዊል ነው፤ ሰንሰለት ያስፈልገኛል?" ብሎ የሚጠይቀኝን ሰው ስለሚወጣው ዳገት አልጠይቀውም። የምጠይቀው ስለሚወርድበት መንገድ ነው። የሚከተለው ንጽጽርም በዚሁ ዐይን የተሠራ ነው።

ፍሬን ላይ ሁሉም መኪና እኩል ነው

ፎር ዊል ማለት የሞተሩ ጉልበት ለአራት ጎማ ይከፋፈላል ማለት ነው። ፍሬን ግን በርካሹም በውዱም መኪና ቀድሞውኑ በአራቱም ጎማ ላይ አለ። ስለዚህ ለመነሳትና ለመውጣት ፎር ዊሉ ትልቅ ብልጫ ሲኖረው፣ ለመቆም ምንም ብልጫ የለውም። እንዲያውም ብዙውን ጊዜ ከባድ ነው፤ መታጠፊያ ላይ ክብደቱ ወደ ውጭ ይገፋዋል።

ቁጥሩን እንየው። ደረቅ አስፋልት ላይ በጎማና በመንገድ መካከል ያለው የሰበቃ መጠን ወደ 0.8 ይጠጋል። የተረገጠ በረዶ ላይ በግምት ወደ 0.2 ይወርዳል፣ እንደ ብርጭቆ በረጋ እርጥብ በረዶ ላይ ደግሞ 0.1 እና ከዚያም በታች። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ከተያዘበት ቅጽበት ጀምሮ በሜዳ ላይ ለመቆም በደረቁ አስፋልት ከ5 ሜትር ያነሰ፣ በተረገጠው በረዶ 18 ሜትር ገደማ፣ በብርጭቆው በረዶ 35 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። አሁን መንገዱን 10 በመቶ ቁልቁል ያድርጉት፤ ተራራ ላይ ይህ ብርቅ አይደለም። በተረገጠው በረዶ ላይ የነበረው 18 ሜትር በእጥፍ አድጎ 35 ይሆናል። በብርጭቆው በረዶ ላይ ግን የሚጎትተው ቁልቁለትና የሚይዘው ሰበቃ እኩል ለእኩል ይሆኑና መኪናው ፈጽሞ አይቆምም። ስንት ዲፈረንሻል እንዳለው የሚጠይቅ የለም።

በነገራችን ላይ ቋንቋችን ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ እንደ ባዘቶ የሚረግፈውንም፣ ኩሬ ላይ የሚጋገረውንም "በረዶ" ብሎ ያልፈዋል። ለነጂ ግን ልዩነቱ የሞትና የሕይወት ነው። አዲስ የወረደ ባዘቶ ጎማ ይቀበላል፤ መኪና ደጋግሞ የረገጠው ይጠጥራል፤ ቀን ቀልጦ ሌሊት የረጋው ብርጭቆ ይሆናል። ማታ የወጡበት መንገድና ጠዋት የሚወርዱበት መንገድ በካርታ ላይ አንድ ቢሆኑም ለጎማ አንድ አይደሉም። የእኔ ስህተት ይኸው ነበር።

ፎር ዊሉስ የትኛው ፎር ዊል ነው?

በዚህ ስም የሚጠሩ መኪኖች ባሕርያቸው ለየቅል ነው፤ የሰንሰለት ምርጫውም በዚያው ይለያያል።

ዛሬ በከተማ የሚበዙት ከፍ ያሉ የቤተሰብ መኪኖች በመደበኛው ጊዜ የፊት ጎማ ነጂ ናቸው። የኋላው ጎማ ጉልበት የሚያገኘው ኮምፒውተሩ መንሸራተት ሲያይ ወይም ሲጠረጥር በመሃል ያለውን ክላች ጨብጦ ነው። ብዙዎቹ ፍሬን ሲያዝ ኤቢኤሱ እያንዳንዱን ጎማ ለብቻው እንዲቆጣጠር ሲባል ይህንኑ ክላች ይለቁታል። በሌላ አነጋገር ቁልቁለት ላይ፣ በጣም በሚፈለጉበት ሰዓት፣ የፊት ጎማ መኪና ሆነው ያርፉታል።

ቋሚ ፎር ዊሎች፣ እንደ ሱባሩና እንደ ብዙዎቹ ትልልቅ የአውዲ ኳትሮ መኪኖች ያሉት፣ ጉልበቱን ሁልጊዜ ለሁለቱም አክስል ያካፍላሉ። የሞተር ፍሬናቸውም ለአራቱም ስለሚደርስ ቁልቁለት ላይ ረጋ ይላሉ።

ሦስተኛው በማርሽ ወይም በቁልፍ የሚገባው የድሮው ዓይነት ነው፤ ላንድክሩዘር 70ን እና ሱዙኪ ጂምኒን ያስቡ። ይህኛው ሲገባ የፊቱንና የኋላውን አንድ ላይ ያስራል። በደረቅ አስፋልት ላይ እንዲገባ የማይመከረው በዚህ ምክንያት ነው። በረዶ ቁልቁለት ላይ ግን ከባዱን ማርሽ አስገብቶ በሞተር ፍሬን መውረድ የሚያስመካ ነገር አለው፤ መያዣው ለአራቱም ጎማ እኩል ይደርሳል። ያው መኪና በሁለት ጎማ ብቻ ሲወርድ የሞተር ፍሬኑ በኋላው ጎማ ላይ ብቻ ያርፍና ቂጡን ሊያዞር ይችላል።

ሁለት ሞተር ያላቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች አራተኛ ናቸው። ለእነርሱ አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ እግር ከፍጥነት መስጫው ፔዳል ሲነሳ የሚመጣው ጠንካራ መያዝ በብርጭቆ በረዶ ላይ እንደ ድንገተኛ ፍሬን ስለሚሆን፣ መጠኑን መቀነስ የሚቻልበት መኪና ከሆነ ይቀንሱት።

መጀመሪያ ጎማው

ሰንሰለትና የበረዶ ጎማ እንደ አማራጭ ሲወዳደሩ እሰማለሁ። ውድድሩ አይገባኝም። ጎማ ወቅቱን ሙሉ የሚለበስ ጫማ ነው፤ ሰንሰለት ለክፉ ሰዓት የሚያዝ ምርኩዝ።

መደበኛ የበጋ ጎማ ቅዝቃዜው ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ እየደረቀ ይሄዳል፣ መያዣውንም ያጣል። የበረዶ ጎማ የተሠራበት ላስቲክ በብርድ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል፤ ፊቱ ላይ ያሉት ጥቃቅን ስንጥቆችም በረዶውን ይነክሳሉ። ሲገዙ ጎኑን ያንብቡ። "ኤም ፕላስ ኤስ" (ጭቃና በረዶ ለማለት ነው) የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ብዙ ዋስትና አይሰጥም። የሚፈለገው ሦስት ጫፍ ያለው ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት ያለበት ምልክት ነው፤ እርሱ የሚሰጠው በበረዶ ላይ ተፈትኖ ላለፈ ጎማ ነው። ጀርመን ከጥቅምት 1 ቀን 2024 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ የምትቀበለው ይህንኑ ምልክት ብቻ ነው። የፊቱ ጥርስ ቁመትም ይለካል፤ ኦስትሪያ ጥርሱ ተበልቶ ከ4 ሚሊ ሜትር በታች የቀረን ራዲያል (ዛሬ የተለመደውን ዓይነት) ጎማ ከበረዶ ጎማ አትቆጥረውም።

አራቱም ጎማ አንድ ዓይነት ይሁን። ሁለት የበረዶ ጎማ ገዝቶ ሁለቱን አሮጌ መተው የመኪናውን ግማሽ መያዝ ነው፤ ለፎር ዊል ደግሞ የጎማዎቹ መጠንና የተበሉበት ልክ መለያየት ለዲፈረንሻሉም ጥሩ አይደለም።

ጥሩ የበረዶ ጎማ ያለው ፎር ዊል በአብዛኛው የበረዶ ቀን ሰንሰለት ሳይነካ ውሎ ይገባል። ሰንሰለቱ የሚያስፈልገው ለቀሪው ቀን ነው፤ መንገዱ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ሲሆን፣ በረዶው ብርጭቆ ሲሆን፣ ወይም ፖሊስ "አስረህ እለፍ" ሲል።

አማራጮቹ

የብረት ሰንሰለት ከሁሉም ይቀድማል። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ ሃሪ ዊድ የተባለ የኒው ዮርክ ግዛት ሰው በ1904 (በአውሮፓውያን) የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል፤ ያነሳሳው በዘመኑ ነጂዎች ጎማቸው ላይ ገመድ ሲጠመጥሙ ማየቱ እንደሆነ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፤ ግን ብረት በረዶን ነክሶ መያዙ ያው ነው።

በብረቶቹ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት የአዘረጋጋቱ ቅርጽ ነው። መሰላል የመሰለው ርካሽ ነው፤ ጎማውን በአግድም ብቻ ስለሚያቋርጥ በሁለት መወጣጫ መካከል ባዶ ላስቲክ መንገዱን የሚነካበት ጊዜ አለ። ወደፊትና ወደኋላ ይይዛል፤ ወደ ጎን ግን ደካማ ነው። የተራራ መንገድ ደግሞ መታጠፊያ በመታጠፊያ ነው። አልማዝ የመሰለው መረብ ሁልጊዜ ብረት መሬት ላይ ስለሚያኖር ወደ ጎንም ይይዛል። የዋጋው ልዩነት ቢያሳዝንም ለተራራ መሰላሉን አልመክርም።

ቀጥሎ ውፍረቱ ነው። ለአነስተኛ መኪኖች 7፣ 9 እና 12 ሚሊ ሜትር የሚባሉት ይበዛሉ፤ ለከባድ ፎር ዊሎች 16 ሚሊ ሜትር አለ። ወፍራሙ ይበልጥ ይይዛል፣ ይበልጥ ይቆያል። ሰው ሁሉ ግን ወፍራሙን ማሰር አይችልም፤ ለምን እንደሆነ ቦታ ሲለካ ይታያል።

ሌላው ራሱን የሚያጠብቀውና በእጅ የሚጠበቀው ነው። በእጅ የሚጠበቀውን አስረው ጥቂት ሜትር ከነዱ በኋላ ወርደው እንደገና ይስቡታል። ራሱን የሚያጠብቀው ከዚህ ያሳርፋል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። በጨለማ፣ ነፋስ ጆሮ እየቆረጠ፣ ከኋላ መኪና ጥሩንባ እየነፋ ሁለተኛ ወርዶ መንበርከክ ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ልዩነቱን ይከፍላል።

ቀጭን የሽቦ ገመድ ላይ የብረት ጥቅልሎች የተሰኩበት ዓይነትም አለ። ቦታ በጠበበበት መኪና ይገባል፣ ቀላል ነው፣ ሲነዱበትም ብዙ አያንገጫግጭም። ብርጭቆ በረዶ ላይ ግን ቀለበት በቀለበት የተያያዘው የብረት ሰንሰለት የሚነክሰውን ያህል አይነክስም። ሽቦው ከተበጠሰም መንገድ ላይ መጠገን አይታሰብም።

የጨርቅ ሽፋን፣ ካልሲ የሚሉት፣ ብዙ ሰው የሚስቅበት ነገር ነው። እኔም ስቄ ነበር። ከልዩ ክር የተሸመነ ነው፤ በጎማው ላይ እንደ ትራስ ልብስ ይጠለቃል፣ መኪናውን ትንሽ አንቀሳቅሰው ቀሪውን ይስባሉ፣ አለቀ። አዲስ በረዶና የተረገጠ በረዶ ላይ በሚያስገርም ሁኔታ ይይዛል። ብረት ስለሌለው ቸርኬ አይፍቅም፣ ሾክ አብዞርበርና የፍሬን ቱቦ አይመታም፣ አይንጫጫም። ድክመቱም ግልጽ ነው። በረዶው አልቆ አስፋልት ብቅ ባለበት መንገድ ላይ ቶሎ ይቀደዳል፤ ብርጭቆ በረዶ ላይና ጭቃ በሆነ የቀለጠ በረዶ ላይ ከብረቱ ያንሳል፤ ረጅም ቁልቁለትን ለእርሱ አደራ ማለት አይቻልም። ሲገዙ ኢኤን 16662-1 የሚለውን የአውሮፓ መስፈርት ማሟላቱን ይመልከቱ፤ ይህ ከሌለ ሰንሰለት ግዴታ በሆነበት መንገድ ላይ ተቀባይነት ላያገኝ ይችላል።

ከውጭ የሚታሰረው ዓይነት፣ የጣሊያኑ ኮኒግ ኬ ሰሚት የተባለው እንደሚሠራው፣ በቸርኬው ቡሎን ላይ ተይዞ ክንዶቹን በጎማው ፊት ላይ ብቻ ያሳርፋል። ወደ ጎማው ውስጠኛ ጎን የሚገባ ነገር የለውም። የመኪናው መመሪያ ሰንሰለት የሚከለክለው በውስጥ በኩል ባለው ጥበት ምክንያት ከሆነ መውጫው ይህ ሊሆን ይችላል። ዋጋው ከተራው ሰንሰለት ብዙ እጥፍ ነው፤ በየዓመቱ ተራራ ለሚወጣ ሰው እንጂ ለአንድ ጉዞ አያዋጣም።

ሚስማር ያለው ጎማ የኖርዌይ፣ የስዊድንና የፊንላንድ ሰዎች ጓደኛ ነው። ጀርመን ውስጥ ከጥቂት የድንበር መንገድ በስተቀር ክልክል ነው፤ ስለዚህ ድንበር ለሚሻገር የተራራ ተጓዥ አላካትተውም።

ቦታ ይኖር ይሆን?

ብዙ ገዢ የሚወድቀው እዚህ ነው። የጎማውን ቁጥር፣ ለምሳሌ 225/60 አር 17፣ ከጎማው ጎን አንብቦ ለዚያ የሚሆን ሰንሰለት ይገዛል። ሰንሰለቱ ለጎማው ልክ ነው። ለመኪናው ልክ መሆኑን ግን ቁጥሩ አይናገርም።

የፊት ጎማውን ወደ አንድ ወገን ጥግ ድረስ ያዙሩትና እጅዎን በጎማውና በሾክ አብዞርበሩ መካከል ይክተቱ። በብዙ ዘመናዊ ፎር ዊሎች ጣት እንጂ መዳፍ አይገባም። ትልልቅ ቸርኬና ሰፋፊ ጎማ ውበት ሲሰጡ የወሰዱት ይህን ቦታ ነው። ወፍራም ሰንሰለት እዚያ ሲዞር የሚያገኘው ሾክ አብዞርበሩን፣ የፍሬን ቱቦውንና የኤቢኤሱን ሽቦ ነው።

በዚህ ጉዳይ የመጨረሻው ቃል የባለቤቱ መመሪያ መጽሐፍ ነው። እዚያ ውስጥ ሰንሰለት የሚፈቀደው ለየትኛው የጎማ መጠን እንደሆነ፣ ከነመቆለፊያው ስንት ሚሊ ሜትር ድረስ መውጣት እንደሚችልና በየትኛው አክስል ላይ እንደሚታሰር ይጻፋል። ያው አንድ ሞዴል በባለ 17 ቸርኬው ሰንሰለት ተፈቅዶለት በባለ 20ው የሚከለከልበት ጊዜ ብዙ ነው። መውጫዎቹ ሦስት ናቸው፦ ለበረዶው ወቅት አነስ ያለ ቸርኬ ከበረዶ ጎማ ጋር መግዛት፣ መመሪያው የሚፈቅደውን ቀጭን ሰንሰለት ወይም ጨርቅ መያዝ፣ አለዚያ ከውጭ የሚታሰረውን። የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ወጪው ቢያስደነግጥም የበጋው ጎማ በዚያው ወራት ስለሚያርፍ ይካካሳል።

መኪና የሚከራይ ሰው ሌላ ነገር ይጨምር፦ ውሉን። አንዳንድ ውል የራስን ሰንሰለት ማሰርን ይከለክላል፣ ወይም በሰንሰለት የደረሰን ጉዳት ከመድን ውጭ ያደርጋል። ቁልፉን ሳይቀበሉ ይጠይቁ።

ከፊት፣ ከኋላ ወይስ በአራቱም?

አንድ ጥንድ ብቻ ካለዎት የት ያስራሉ? ለአንድ ዲፈረንሻል መኪና መልሱ ቀላል ነው፤ የሚነዳው ጎማ ላይ። ለፎር ዊል ግን ሁሉም ይነዳል።

አምራቾቹም አንድ መልስ የላቸውም። ሱባሩ ከፊት ብቻ ይላል። በፊት ጎማ ላይ የተመሠረቱት የፎልክስዋገን ፎርሞሽን መኪኖችም እንዲሁ ከፊት ናቸው። ቢኤምደብሊው ኤክስድራይቭ ከኋላ ይላል፤ የቴስላ ሞዴል ዋይም ከኋላ ነው። ሁለቱም ወገን የሚናገረው ስለ መያዝ ብቻ አይደለም፤ ጎማው ዙሪያ ቦታ ያለው የት ነው የሚለውም አለበት። ስለዚህ ጎረቤት "እኔ ከፊት ነው የማስረው" ቢል ለመኪናው ነው የተናገረው።

የሁለቱን ባሕርይ ማወቅ ግን ግድ ነው። ከፊት የታሰረ መኪና መሪውን ይሰማል፣ ፍሬኑም ፊት ላይ ይይዛል፤ ቁልቁለት መታጠፊያ ላይ ግን ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያጋድል የቀለለው ኋላ ሊሸሽ፣ መኪናው እንደ በር ሊዞር ይችላል። ከኋላ የታሰረው ቂጡ ይረጋል፣ ሽቅቡን በደንብ ይገፋል፤ መሪ ሲዞር ግን ፊቱ ቀጥታ መንሸራተት ይወዳል። ሁለቱም በቀስታና ከመታጠፊያው አስቀድሞ ፍጥነት በመቀነስ ይገራሉ።

መመሪያው ከፈቀደ ሁለት ጥንድ ይዞ አራቱንም ማሰር ከሁሉ ይበልጣል። ቤተሰብ ጭኜ ረጅም የብርጭቆ ቁልቁለት እንደምወርድ ካወቅሁ ሁለተኛውን ጥንድ እገዛለሁ። መመሪያው አንድ አክስል ብቻ ካለ ግን "ለጥንቃቄ" ብሎ ሌላውን መጨመር መኪናውን መስበር ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

"ፎር ዊል ነፃ ነው" የሚለው አባባል በአንዳንድ ቦታ እውነት፣ በሌላው ቅጣት ነው። በአልፕስ አገሮች ሰማያዊ ክብ ምልክት በውስጡ ሰንሰለት ያሰረ ጎማ ካለበት ከዚያ ወዲያ ሰንሰለት ግዴታ ነው። ጀርመን ውስጥ ይህ ፎር ዊልንም ይጨምራል፤ ሰንሰለት ያሰረ መኪናም በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ኦስትሪያ ከኅዳር 1 እስከ ሚያዝያ 15 (በአውሮፓውያን) መንገዱ የበረዶ ጠባይ ሲይዝ የበረዶ ጎማ ትጠይቃለች። በጎማው ፋንታ ሰንሰለት የምትቀበለው ግን መንገዱ ሙሉ በሙሉ ወይም ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው በበረዶ ከተሸፈነ ብቻ ነው። ፈረንሳይ በተመረጡ ተራራማ ወረዳዎች ከኅዳር 1 እስከ መጋቢት 31 (በአውሮፓውያን) አራት የበረዶ ጎማ ወይም ዕቃ መጫኛ ውስጥ ሰንሰለት እንዲኖር ታዝዛለች።

ካሊፎርኒያ ጉዳዩን በሦስት ደረጃ ከፍላዋለች፤ አከፋፈሉም ደስ ይለኛል። በሁለተኛው ደረጃ በአራቱም ላይ የበረዶ ጎማ ያለው ፎር ዊል ሳያስር ያልፋል፣ ሰንሰለቱን ግን መያዝ አለበት። በሦስተኛው ደረጃ ማንም ሳያስር አያልፍም፤ ፎር ዊልም ያስራል። በፖሊስ ፊት የሚያዋጣውም ይህ ነው፦ ባያስሩትም ይያዙት።

ለማን ምን?

የበረዶ ጎማ ኖሮት በተጠረገ መንገድ ወደ ተራራ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ለሚሄድ ፎር ዊል መስፈርቱን ያሟላ ጨርቅ ይበቃል፤ ቦታ አይፈጅም፣ ለማሰር አያስፈራም። ማደሪያው ዋናው መንገድ ያልደረሰበት፣ ጠባብና ቁልቁል ከሆነ ጨርቁን ይተዉና አልማዝ ቅርጽ ያለው፣ ራሱን የሚያጠብቅ የብረት ሰንሰለት መመሪያው በሚፈቅደው ውፍረት ይግዙ። ከከፍተኛው ቸርኬ ጋር ለተጣበቀና መመሪያው ለከለከለው መኪና ወይ ቸርኬ መቀየር፣ ወይ ከውጭ የሚታሰረው። በመደበኛ የበጋ ጎማ ላይ ሰንሰለት አስሬ እሄዳለሁ ለሚል ግን ምንም አልመርጥለትም፤ ሰንሰለቱ ያልነካቸው ሁለቱ ጎማዎች የበጋ ጎማዎች ናቸው፣ ሰንሰለቱ ሲፈታ ደግሞ አራቱም።

ማሰሩ

መጀመሪያ የሚያስሩት በደጃፍዎ፣ በደረቅ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ይሁን። ሁለት ጊዜ ያስሩ፣ ሁለት ጊዜ ይፍቱ። ከሰንሰለቱ ጋር ውሃ የማያስገባ ጓንት፣ የሚንበረከኩበት ምንጣፍና በግንባር የሚታሰር መብራት ይቀመጥ፤ የስልክ መብራት ሦስተኛ እጅ ይፈልጋል።

መንገድ ላይ ደግሞ መኪናው በረዶ ውስጥ ከመቀርቀሩ በፊት ያስሩ። ሜዳ የሆነ፣ ሰፊ፣ ከመታጠፊያ የራቀ ቦታ ይምረጡ፤ የአደጋ መብራት ያብሩ፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ። በአልማዙ ሰንሰለት ተለዋዋጭ ቀለበቱን ከጎማው ጀርባ አሳልፈው ሁለቱን ጫፍ ከላይ ያገናኛሉ፣ መረቡን በጎማው ፊት ላይ ይጥላሉ፣ ከፊት ያለውን መንጠቆ ይቆልፋሉ፣ የማጥበቂያውን ሰንሰለት ይስባሉ። ሲጨርሱ በእጅዎ ዙሪያውን ይዳብሱ፤ የተጠማዘዘ ቀለበት ካለ ከፍተው እንደገና ይጀምሩ። ጥቂት ነድተው ይቁሙና ይመልከቱት። ከፓራፋንጎው ሥር የሚመታ ድምፅ ከሰሙ ሰንሰለቱ ተፈትቷል ወይም ቦታ ጠቦታል፤ ሬዲዮ ከፍ አድርጎ መሸፈን አያዋጣም።

ጎማ ከፈነዳ ደግሞ ሰንሰለት ቀጭኑ ጊዜያዊ ስኮርታ ላይ አይታሰርም። የፈነዳው ጎማ ሰንሰለት ያለበት ከሆነ ስኮርታውን ሰንሰለት ወደሌለው አክስል ይውሰዱና ከዚያ የተፈታውን ደኅና ጎማ በፈነዳው ቦታ ያስሩ። ሁለት ጊዜ ክሪክ ማንሳት ነው፤ ምንጣፉ የሚመሰገነው ያኔ ነው።

አስፋልቱ ጥቁር ሆኖ ሲወጣ ይፍቱት። ቤት ሲደርሱ ጨው ስላለበት በለብ ያለ ውሃ ያጥቡትና ዘርግተው ያድርቁት፤ ጨርቁንም እንዲሁ። በእርጥብነቱ ከረጢት ውስጥ የተቀመጠ ሰንሰለት በሚቀጥለው ዓመት ሲወጣ መቆለፊያው ከዝገት የተነሳ አልከፈት ይላል፣ ያን ጊዜ ደግሞ ከኋላ ጥሩንባ የሚነፋ መኪና አይጠፋም።